የበቀቀኗ ትንሿ በር

ፖሊሱ መቶ አለቃ ሮሪሳ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው የፈየራ ግቢ ሲገባ፣ ፈየራ ጋቢ ተጥሎበት ከጣሪያው ሥር ድንጋዩ ላይ ተጋድሟል። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል። በቀቀኗ ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ላባዋን ታበጥራለች። የሰፈሩ ሰው ዓይን ከሬሳው ይልቅ ወፏ ላይ ነበር፤ ወሬኛ ሰፈር ምን ይደረግ!

ወሬውም ተዘጋጅቶ ቆይቷል። በቀቀኗን ያሳደገቻት የፈየራ የመጀመሪያ ሚስት አስካለማርያም ናት። እሷ ከሞተች በኋላም ወፏ በሟቿ ድምፅ «ፈዬ፣ ግባ እንጂ፣ መሸ!» እያለች መጣራቷን አልተወችም። ፈየራ ያንን ድምፅ እየሰማ ኖሮ ኖሮ ወጣቷን ፀሐይቱን ሲያገባ፣ ሰፈሩ አዲሲቷ ሚስት በሞተች ሴት ድምፅ ትቀናለች ብሎ ወሰነ።

«ይቺ ናት የገደለችው!» አለች የአስካለማርያም እኅት የሺሐረግ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ፀሐይቱ እየጠቆመች። «የእኅቴን ድምፅ መስማት መርሯት የወፏን በር ፈትታላት ወፍጮ ቤት ሄደች። እሱ ላውርዳት ብሎ ወጣ፣ ወደቀ። ይኸው ነው!»

ፀሐይቱ አላለቀሰችም። ይህ በሰፈሩ ዓይን በጣም ጎዳት። የፈየራ ዘመዶች ከወዲሁ ትታሰርልን እያሉ መቶ አለቃውን ከበቡት።

ሮሪሳ እንቅልፍ የተጫጫነው የሚመስል፣ ሰው ሲያነጋግር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። ተኝቷል ብሎ የተሸወደ ወንጀለኛ ብዙ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ በረንዳው ላይ ያለውን የወፏን ቤት ተመለከተ። ፈየራ ራሱ ከብረት ዘንግ የሠራው ነው። ትልቁ በር በጓጉንቸር ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሟቹ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። በጎን ያለችው ትንሿ የመኖ በር ግን ወደ ላይ የምትነሣ ቆርቆሮ ናት። ታስራበት የነበረው ሽቦ ተፈትቶ መሬት ላይ ወድቋል። በሯ ወደ ላይ ተነሥታ፣ ቀለበቷ ከብረቱ ጀርባ በተደበቀች ትንሽ ሜንጦ ላይ ተንጠልጥሏል። ሮሪሳ ቀለበቱን ሲያላቅቀው ቆርቆሮው ቷ ብሎ ወደቀ። መልሶ አነሣና ለቀቀው፤ አሁንም ወደቀ።

«ወፏ ራሷ ትከፍተዋለች?» አለ።

«በመንቁሯ ታነሣዋለች» አለች ፀሐይቱ። «በሽቦ ያሰርኩትም ለዚያ ነው።»

«እርስዎ ነዎት ያሰሩት?»

«እኔ ነኝ። ገና እንደመጣሁ ሰሞን አምልጣ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ አለኝ። በየማታው ሌላ ሴት ባሌን በስሙ ስትጠራው መስማት… ቀንቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ፈየራ እህል አልቀምስ አለ። ሳሪስ አቦ ድረስ ዛፍ ለዛፍ ሲፈልጋት ሰነበተ። የተገኘች ዕለት ሽቦውን በፒንሳ ጠምዝዤ አሰርኩት። እሷ ከሄደች እሱም ከእጄ የሚወጣ መሰለኝ።»

«ከዚያ ወዲህ በየት በኩል ትበላለች?»

«በትልቁ በር። የሚያበላት ራሱ ነው።»

ቀጥሎ የተጠየቀው ጎረቤቱ ቡልቻ ነበር። ጣቢያው ላይ ሐዲድ ቀያሪ ነው፤ ወፏን የሚጠላበትም በቂ ምክንያት አለው። የጣቢያውን ፊሽካ አስመስላ ስታፏጭ ባቡር መጣ ብሎ እየሮጠ ይወጣል፣ ሰፈሩም ሆዱን ይዞ ይስቅበታል።

«እጠላታለሁ፣ ጌታዬ» አለ ቡልቻ። «ግን በወፍ ተናድጄ ሰው አልገድልም። ዛሬም ከምሳ በኋላ ወደ ጣቢያ ስመለስ ቤቷ ውስጥ ሆና ሳቀችብኝ።»

«ሳቀች?»

«አዲስ ያመጣችው ነው፣ የፀሐይቱ ሳቅ። ሰሞኑን የሟቿን ጥሪ እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። ፈየራም አብሯት ይስቅ ነበር፤ ልጅ ሆኖ ነበር እኮ!»

«ፀሐይቱ ያን ሰዓት የት ነበረች?»

«ጠዋት እህል አስይዛ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ስትመለስ ለቅሶው ላይ ደረሰች፣ ምስኪን።»

ሮሪሳ ዓይኑን ጨፈነ። «ፈየራ መሰላል ላይ ይወጣ ነበር?»

«በዚያ ጉልበቱ? መሰላሉን የሚይዝለት ሰው ካላገኘ አምፖል እንኳን አይቀይርም።»

የሺሐረግን ለመጨረሻ አቆያት። አስካለማርያም ከሞተች በኋላ የፈየራን ቤት የያዘችው እሷ ነበረች፤ አብሳዩም፣ ወፏን የምታበላውም እሷ። ዘመድ ሁሉ እሷን ያገባል ብሎ ነበር፤ እሷም እንደዚያው።

«ዛሬ ስንት ሰዓት መጡ?» አላት።

«ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁ። እዚህ ቤት ምን አለኝ?»

ከቀብር መልስ ሮሪሳ ሦስቱንም ከፈየራ ዘመዶች ጋር በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው። ቡልቻ በለውዝ አታልሎ የያዛት በቀቀን ቤቷ ተመልሳለች።

«በመጀመሪያ የወፏ ውኃ ይቀየርላት» አለ ሮሪሳ። «ቡልቻ፣ በትንሿ በር ጣሳዋን አውጣልኝ።»

ቡልቻ በሩን አንሥቶ እጁን ሲያስገባ ቆርቆሮው ጣቱ ላይ ወደቀበትና ረገመው። ፀሐይቱ ልትረዳው ተጠጋች። በአንድ እጇ ቆርቆሮውን ደግፋ በሌላው ጣሳውን ስትጎትት ውኃው ተደፋ። በቀቀኗም በፀሐይቱ ሳቅ ሳቀች።

«ዞር በይ!» አለች የሺሐረግ። «ወፍ ጠባቂ ተብለሽ!» ገፋ አደረገቻትና በሩን አነሣችው፤ ሳታይ ቀለበቱን ሜንጦው ላይ አንጠለጠለችና ጣሳውን አወጣች። ከዚያ እጇ ባለበት ቀረ። የሠራችውን አሁን ገና አወቀችው።

«ወፏ በራሷ ብትወጣ ኖሮ በሩ ከኋላዋ ይወድቅ ነበር» አለ ሮሪሳ። «ዝግ ቤት ነበር የምናገኘው። እኔ ያገኘሁት ግን ተንጠልጥሎ ነው፤ ስለዚህ የሰው እጅ አለበት። ከምሳ በኋላ ወፏ ቤቷ ውስጥ ነበረች፤ ፀሐይቱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ወፍጮ ቤት ናት። የወፍጮ ቤቱን ሰዎች ጠይቄያለሁ። ቡልቻ ጣቢያ ነበር። ሁለቱም ሜንጦውን እንደማያውቁት አያችሁ። የሚያውቀው በሩ በሽቦ ሳይታሰር በፊት ወፏን ያበላ እጅ ነው። ፈየራ እንደሆነ ቁልፉ በኪሱ እያለ ሽቦ አይፈታም።»

«ወፍ መልቀቅ ወንጀል ነው?» አለች የሺሐረግ። «ጣሪያ ላይ ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ?»

«ፈየራ የሚይዝለት ሰው ሳይኖር መሰላል አይወጣም። ማን ያዘለት?»

የሺሐረግ ጣሳውን አስቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች።

«ተኝቶ ነበር» አለች። «ወፏ ከጠፋች ፀሐይቱ ናት ብሎ ያባርራታል አልኩ። የእኅቴን ድምፅ እየሰማ እኔን ሳያየኝ ሲቀር ችዬው ነበር፤ እኅቴ ናት። በዚህች ሳቅ ሲስቅ ግን አንጀቴ አረረ። ነቅቶ ወጣ። ‹የሺ፣ መሰላሉን ያዥልኝ› አለኝ። ያዝኩለት።»

«ከዚያስ?»

«ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ። ‹ፀሐይቱ ሳትመጣ ቶሎ ላውርዳት። የወፏ እንኳን ግድ የለኝም፣ እሷ ግን እኔ ያሰርኩት ሽቦ ላልቶ ነው ወፏ ያመለጠችው ብላ ታዝንብኛለች› አለኝ። ያኔ መሰላሉን ገፋሁት።»

ፀሐይቱ ተነሥታ የሺሐረግ ፊት ተንበረከከች።

«ያለውን ደግመሽ ንገሪኝ» አለቻት። «እባክሽ፣ እንዳለው አድርገሽ።»

የሺሐረግ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና እጆቿን ለመቶ አለቃው ሰጠች።

«አልደግመውም» አለች። «ለእኔ ነው የነገረኝ።»