የሙት ዓመቱ ምሳ

ሐሲኒ በገዳሙ መመገቢያ ክፍል አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወጣች። የግድግዳውን ሰዓት መስታወት ከፈተችና ረጅሙን ቆጣሪ በጣቷ ወደ ኋላ ገፋችው። ቀትር አልፏል ይል የነበረው ሰዓት ቀትር ገና ነው አለ። ወርዳ የእግሯን አቧራ ከወንበሩ ላይ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ ጥጉ ላይ የተቀመጠውን የቡድሃ ምስል ላለማየት አንገቷን ደፍታ፣ «አባ፣ ምሳ ደርሷል» ብላ ተጣራች። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

መነኩሴው አባ ሱመና ግድግዳውን እየዳሰሱ ከክፍላቸው ወጡ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል።

«ቀትር አላለፈም እንዴ ልጄ? ሆዴ እንኳ ተስፋ ቆርጦ ነበር።»

«ገና ነው አባ። ሰዓቱን ይዩት።»

ቀና ብለው ዓይናቸውን አጨንቁረው አዩና ተቀመጡ። በልጅነታቸው ከመነኮሱ ጀምሮ፣ ከቀትር በኋላ እህል በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። መንደሩም ይህን ስለሚያውቅ ነው ተረኛው ቤት ምሳ ይዞ የሚሮጠው።

ያን ቀን ተራው የእነሐሲኒ ነበር። የአባቷም ሙት ዓመት ነበር። የልብስ ፋብሪካው ፈቃድ የከለከላት እናቷ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ባሏ ይወደው የነበረውን ዱባ በኮኮናት ወተት ሠራች። መነኩሴው የበሉት ምግብ ጽድቁ ለሞተው ይተርፋል። «ከቀትር በፊት ካልደረሰ ለአባትሽ ምንም አይደርሰውም» ብላ ምሳ ዕቃውን ለልጇ ሰጥታ ሄደች። ሐሲኒ ግን በሜዳው በኩል ስታልፍ፣ ጓደኛዋ ዲልኪ የመረብ ኳሱን ወረወረችላትና «አንድ ጨዋታ ብቻ!» አለቻት። አንዱ ጨዋታ ሌላ ጨዋታ ወለደ።

አባ ሱመና በልተው ሲያበቁ፣ ሐሲኒ እንደ ወጉ፣ ጽድቁ ወደ ሟቹ የመፍሰሱ ምልክት እንዲሆን፣ ከማንቆርቆሪያው ጽዋው ውስጥ ውሃ ታፈስ ጀመር። እሳቸው የአባቷን ስም እየጠሩ ጸለዩ። ጽዋው ሞልቶ ወደ ሳሕኑ ፈሰሰ። «ይድረሰው» አሉ። እሳቸው ሊታጠቡ ሲወጡ የሰዓቱን ቆጣሪ ወደ ቦታው መለሰችው።

ማታ እናቷ ከፋብሪካ ተመልሳ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዱባውን በሉት?»

«ጨርሰው።»

እናቷ ነጩን የሐዘን ልብሷን አውልቃ በጥንቃቄ አጠፈችው፤ ጋደም ከማለቷ እንቅልፍ ወሰዳት። ሐሲኒ እናቷን እንዲህ ተኝታ ካየቻት ዓመት ሆኗታል። እሷ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ አነጋች።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ የመንደሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው ገዳሙ ግቢ ውስጥ ለትምህርት ተሰበሰቡ።

«ትናንት የት ነው ያለው? እስቲ አሳዩኝ» አሉ አባ ሱመና።

«ሆዴ ውስጥ አባ! የትናንቱ ሩዝ እስካሁን አልወረደልኝም» አለ አንዱ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

«እሱማ የዛሬው ሆድህ ነው፣ አንተ ሆዳም። ያለፈው የለም። የሚመጣውም ገና የለም። ያለው ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ‹ይህ› ስል አለፈ።»

ሐሲኒ እጇን አወጣች። «እንግዲያው አባ… ትናንት ያጠፋ ሰው፣ ጥፋቱም የለም፣ ሰውየውም የለም ማለት ነው?» መልሱን ጠበቀች። የለም ቢሏት እፎይ ልትል ነበር።

«ቤት ሲቃጠል ውሃ እንዴት ነው የምናቀባብለው? ተሰልፈን አይደል? የመጀመሪያው ሰው ባልዲውን ሰጥቶ ባዶ እጁን ቆሟል። ታዲያ ባልዲው ጠፋ? ተቀባዩ እጅ ላይ ነው። የትናንቱ ሰው ሄዷል ልጄ። ሲሄድ ግን የያዘውን ለዛሬው አቀብሎታል።»

ትምህርቱ ሲያበቃ ሐሲኒ ዲልኪን ወደ አጥሩ ጥግ ወስዳ ሁሉንም ነገረቻት።

«ልትነግሪያቸው? ነካ አድርጎሻል እንዴ? አታካብጂ! እሳቸው ሳያውቁ ነው የበሉት፤ ኃጢአት የለባቸውም። አፍሽን ብትዘጊ ማን ይጎዳል?»

«እማዬ ደስ ብሏት ተኛች።»

«ይኸው! ልትቀሰቅሻት ነው?»

ለሐሲኒ የእናቷ ፊት ትዝ አላት፤ ትራሱ ላይ ያረፈው፣ ሸክሙ የወረደለት ፊት። በውሸት ነበር ያረፈው።

«እሺ፣ እንደፈለግሽ» አለች ዲልኪ ፈራ ተባ እያለች። «ብቻ… ኳሱን ማን እንደወረወረልሽ አታንሺ።»

«አላነሳም። ሂጂ አንቺ።»

አባ ሱመና በግቢው የረገፈውን ቅጠል እየጠረጉ ነበር። ኮቴዋን ሰምተው ቀና አሉ።

«ማን ነው? ሐሲኒ? እስካሁን አልሄድሽም? እናትሽ ትጠብቅሽ የለም እንዴ?»

ሐሲኒ ጫማዋን አውልቃ ባልተጠረገው ቅጠል ላይ ተንበረከከች።

«ትጠብቀኛለች» አለች። «መጀመሪያ ግን ለእርስዎ የምነግርዎት አለኝ፣ አባ። ከዚያ ሄጄ ለእሷ እነግራታለሁ።»