መቀመጫ ያለው ምድጃ

ባሕሪያ ሙዘይንን የተዋወቀችው ልትጣላው ሄዳ ነው።

ጊዜው ሰባ ሰባት፣ ያ ክፉ ቀን ነው። ከጎንደር ተነስተው በመተማ በኩል የተሻገሩ ሰዎች ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ሰፍረዋል። ባሕሪያም ከአባቷ ከአቶ ጀማሉ ጋር እዚያው ናት። እናቷን መንገድ ላይ ቀብረዋል። ትምህርት ቤት የገባች ስለሆነች በሕፃናት መመገቢያ ጣቢያው ውስጥ ለአንዲት የካናዳ ነርስ ታስተረጉማለች። ስለ ሱዳን ሲነሳ ሰው የሚያወራው ሙቀቱን ብቻ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ግን የማለዳው ብርድ ሥጋ በሌለው ሕፃን ላይ ምን እንደሚሠራ ያየ ያውቀዋል። ነርሷም ለዚሁ ብላ ካኑን አስገዛች። ካኑን ገዳሪፎች ከበርሜል ቆርቆሮ የሚሠሩት የከሰል ምድጃ ነው። ከተገዙት የአንዱ እግር አጠረና ገንፎው ከነድስቱ ተገለበጠ።

ባሕሪያ ካኑኑን ተሸክማ ገበያ ወረደች።

«ይኼን የሠራው ማነው?» አለች፣ ቀጥቃጮቹ በተደረደሩበት ጠባብ መንገድ መሀል ቆማ።

ከአንዱ ሱቅ ቀጠን ያለ ወጣት ብቅ አለ። እጁ ጥላሸት፣ የፊቱም ግማሽ ጥላሸት ነው።

«እኔ ነኝ። ምን አደረገሽ?»

«እኔንማ ምንም። የልጆቹን ገንፎ ነው የደፋው።»

«መዓሌሽ፣ ይቅርታ። ምናልባት መሬቱ ወጣ ገባ ሆኖ ይሆናል።»

«መሬቱን አንተ አልሠራኸውም። እኔ የመጣሁት ስለሠራኸው ነገር ነው።»

ሙዘይን ሳቀ። ሳቁን መደበቅ የሚችል ሰው አልነበረም። ካኑኑን ተቀብሎ እግሩን መቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሷም እንደተቆጣች ቆማ ጠበቀችው።

«አማርኛህ ከየት ነው?» አለችው በመጨረሻ።

«የአባቴ ነው። የጎንደር ነጋዴ ነበር፣ አላህ ይርሐመው። ልጅ ሆኜ ሞተ። እናቴ የዚህ አገር ሰው ናት። ከእሱ የቀረኝ ይኼው አማርኛ ብቻ ነው፣ እሱም እንደ ካኑኑ አንድ እግሩ ያጥራል።»

ባሕሪያ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። ግን ዓይኗ ሳቀባት፣ እሱም አየ።

ከዚያ ወዲህ የጣቢያው ካኑኖች በየጊዜው ይበላሹ ጀመር። ነርሷን በጣም ገረማት። ከነርሷ በቀር ግን ማንንም አልገረመውም።

አንድ ቀን ነርሷ ከአገሯ በፖስታ የመጣላትን ወፍራም የዕቃ መሸጫ መጽሐፍ ልጆቹ ሥዕሉን ይዩበት ብላ ሰጠች። ባሕሪያ ስታገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ደነገጠች። እሳት በግድግዳ ውስጥ ይነድዳል፣ ያውም በመስታወት ተዘግቶ። መጽሐፉን በነጠላዋ ሸፍና ለሙዘይን ወሰደችለት።

«ሱብሐነላህ! ይኼ እሳት ነው?»

«እሳት ነው። በጋዝ የሚነድ ነው አለችኝ። ከሰል የለ፣ እንጨት የለ። ብርዱ ሲመጣ ቁልፍ ይነካሉ፣ ቦግ ይላል።»

«አመዱስ?»

«አመድ የለውም።»

ሙዘይን አሰበ። «ታዲያ ጎረቤት እሳት ልጫር ብሎ ቢመጣ ምን ይሰጡታል?»

ባሕሪያ ይህን አላሰበችውም ነበር። «እንጃ! ክብሪት ይሰጡት ይሆናል።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እሱ ሳቁን ገታ። አቶ ጀማሉ በነርሷ ርዳታ ወደ ካናዳ፣ ወደዚያ ብርድ አገር ለመሄድ መመዝገባቸውን ያውቃል። ልጃቸው እዚህ ትዳር ከያዘች እሳቸውም እንደሚቀሩ ያውቃል፤ ብርድ አገር ለብቻዬ ምን ልሠራ ሲሉ ሰው ሰምቷል። ያልተቋጨው ነገር ይኸው ነበር፣ እና ሁለቱም አፍ አውጥተው አልተናገሩትም።

«በይ ምረጪ» አላት። «የምትሄጂ ከሆነ እኔ እተክልልሻለሁ።»

«እዚያ ድረስ መጥተህ?»

«እዚያ ድረስ መጥቼ።»

ጣቱ በወርቅማ ፍሬም ወደተከበበው ትልቅ ምድጃ ሄደ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ ይኼ የባለሥልጣን ቤት ይመስላል አለች። ጥቁር እብነ በረድ ያለውን አሳያት፤ መቃብር ይመስላል አለች። በመጨረሻ ከገጹ ጥግ አንዱን ጠቆመች። ከፊቱ ዝቅ ያለ የድንጋይ መደብ አለው።

«ይኼን።»

«ይኼ እኮ ከሁሉም ትንሹ ነው።»

«መቀመጫ አለው። ከአጠገቡ ሰው ካልተቀመጠ እሳት ምን ያደርጋል?»

«መደቡ ስንት ሰው ይይዛል?»

«ሁለት» አለች። ፊቷ ጋለ። ወደ መንገዱ ዞረች፤ እሱም መዶሻውን አንስቶ መቀጥቀጥ የማያስፈልገውን ነገር ቀጠቀጠ።

ሽማግሎቹ የመጡት ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። ሙዘይን የአባቱ ዘመድ በአካባቢው ስላልነበረው የገዳሪፍ ሰዎችን ላከ፤ የቀጥቃጮቹ ሸህና አማርኛ የሚሰሙ ሁለት የተከበሩ የሰሊጥ ነጋዴዎች ናቸው። ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘው፣ ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው ወደ ሰፈሩ ዘለቁ። አቶ ጀማሉ በክብር ተቀበሏቸው። ባሕሪያ ከጆንያው ግርዶሽ በስተጀርባ ሆና ትሰማለች።

«ልጄ ገና ናት» አሉ አባቷ። «ዘመድ ወዳጅ አላማከርኩም። አይሆንም።»

ባሕሪያ አፏን በእጇ ሸፍና በደስታ አለቀሰች።

በእነ ባሕሪያ አገር የልጅ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ሽማግሌ እሺ ብሎ አይሸኝም። እሺ ያለ እንደሆነ ልጁ የከበደችው፣ ከቤት እስክትወጣለት የቸኮለ ይመስላል። ሽማግሎቹም ይህን ያውቃሉ፤ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሸኛሉ፣ ደግመው ይመጣሉ። ልጂቱም የምትከበረው በተለመነችው ልክ ነው። አቶ ጀማሉ ቤታቸውን፣ በሬዎቻቸውን፣ ሚስታቸውን ያጡ ሰው ናቸው። የቀራቸው ወጉ ነበርና አንዱንም ሳያጓድሉ ፈጸሙት።

ሦስቱ የገዳሪፍ ሰዎች ግን እርስ በርስ ተያዩ። በእነሱ ዘንድ አባት አይሆንም ካለ አይሆንም ነው። ያውም ሁሉን ያጣን እንግዳ፣ በድንኳን የሚኖርን ሰው፣ ሁለተኛ መጥቶ መወትወት ነውር ነው፤ በችግሩ ገብቶ እጁን መጠምዘዝ ነው። በአክብሮት ተነሱ፣ መርቀው ሄዱ። ሙዘይንንም መከሩት። «እኝህን ሰውዬ ዳግመኛ እንዳታስቸግር» አሉት።

ክፉ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ብፈልግ አላገኘሁም። ቢኖር ይሻል ነበር፤ የሚረገም ሰው መኖሩ ራሱ ያሳርፋል።

«እስኪመለሱ ድረስ ገበያ እንዳትወርጂ» አሏት አቶ ጀማሉ። «ቸኮለች እንዳትባይ።»

«እሺ አባየ።»

ደህና ምንጣፍ ከጎረቤት ተዋሱ። በየማለዳው ደጁን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ወደ ከተማው መንገድ አሻግረው ያያሉ። ስኳሩ ሳይነካ ተቀመጠ። ጥር አለቀ፤ ማንም አልመጣም። አንድ ቀን ምንጣፉን ጠቅልለው ለባለቤቱ መለሱ፣ ስለዚያም ነገር አንድ ቃል አልተነፈሱም። ባሕሪያ አባቷ የተናቁ መስሎ እንደተሰማቸው ከትከሻቸው አየች። ሙዘይንን ጠላችው፤ ቢያንስ ልትጠላው ሞከረች።

ከዚያ ነርሷ ጠራቻት። የከሰሉ ጭስ ሕፃናቱን እያሳላቸው ስለነበር በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ካዘዘች ሰንብታለች፤ ሠራተኛው መጥቷል፣ ነይና አስተርጉሚልኝ አለቻት።

ሠራተኛው ሙዘይን ነበር። የጋዙን ሲሊንደር በጫንቃው ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል። ከስቷል።

«ሰላም ዐለይኩም» አለ።

«ወዐለይኩም ሰላም» አለች መሬቱን እያየች።

ሲሊንደሩን ከግድግዳው ውጭ አስቀመጠ፣ ቱቦውን በጭቃው ግድግዳ አሳልፎ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ካለው ማንደጃ ጋር አገናኘ፣ የጭስ ማውጫውን በጣሪያው አወጣ። ባሕሪያ የነርሷን ጥያቄ ለእሱ፣ የእሱን መልስ ለነርሷ ታቀብላለች። በመሀላቸው የጋዝና የቱቦ ቃል ብቻ ተመላለሰ። ከዚያ ሙዘይን ወጥቶ ጡብ ይዞ ተመለሰ። ማንም ሳያዘው ከምድጃው ፊት ዝቅ ያለ መደብ ገነባ። በጭቃ ለሰነው፣ በመዳፉ አለሰለሰው፣ ሳይቸኩል።

«ይኼ ደግሞ ለምንድነው?» አለች ነርሷ።

«ለመቀመጫ ነው» አለች ባሕሪያ።

ክብሪት ጫረ። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ተያያዘ፣ ከዚያም ቢጫ ሆነ። ነርሷ አጨበጨበች። ሙዘይን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለና ባሕሪያን አያት።

«ሌላ የጎደለ ነገር አለ?»

ባሕሪያ ለነርሷ አስተረጎመች። ነርሷ ሁሉም ነገር ግሩም ነው አለች።

«የለም ትላለች።»

«እሷን አይደለም የጠየቅኩት» አለ ሙዘይን ቀስ ብሎ።

አንድ ሕፃን አለቀሰ። ባሕሪያ መደቡን አየች። ሁለት ሰው ይይዛል። ልቧ «አለ» ይላል። ግን አባቷ የጠረጉት ደጅ ትዝ አላት፣ ተጠቅልሎ የተመለሰው ምንጣፍ ትዝ አላት። ሽማግሌ መልሶ መላክ ሲችል፣ አባቴን ረግጦ እኔን በጓዳ የሚጠይቀኝ ለምንድነው? አለች በሆዷ።

«የለም» አለችው።

ዕቃውን ሰበሰበ። በሩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ሄደ። በሚያዝያ ባሕሪያ ኩራቷን ውጣ ገበያ ብትወርድ ሱቁ ተዘግቶ አገኘችው። ጎረቤቱ ወደ ከሰላ ከተማ ሄዷል አላት። ዓመቱ ሳያልቅ እሷና አባቷ አውሮፕላን ተሳፈሩ።

«ያ ልጅ ምን አግኝቶብን ነው የናቀን?» አሏት አቶ ጀማሉ ደመናው ላይ ሆነው። ስለ ሙዘይን ያነሱት ያኔ ብቻ ነበር።

ባሕሪያ በብርዱ አገር ኖረች። ደግ ሰው አገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች። አባቷ ሞቱ፤ ባሏም ኋላ ተከተላቸው። በደህና ኖረች ቢባል ውሸት አይደለም።

አንድ ክረምት እዚያው ብርድ አገር በሰርግ ላይ ኢንቲሳር ከምትባል የገዳሪፍ ሴት ጋር አንድ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ወሬ ሲመዘዝ ኢንቲሳር የሙዘይን የአክስት ልጅ ሆና ተገኘች።

«ሙዘይን? ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ከሰላ ነው፣ የልጅ ልጅ አይቷል። ቆይ፣ ባሕሪያ አንቺ ነሽ? አባትሽ እምቢ ያሉት?»

«አባቴ እምቢ አላለም!»

«አይሆንም ብለዋቸዋል እኮ፣ ሸሁ ራሱ ነግሮናል።»

«የመጀመሪያው ነዋ! የመጀመሪያው እኮ ነው!»

«የመጀመሪያው ማለት?» አለች ኢንቲሳር ግራ ገብቷት።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ እልልታው ቀለጠ።

«እሱማ አርፎ አልተቀመጠም ነበር» አለች ኢንቲሳር ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «አባቷን ዳግም ማስቸገር ነውር ነው ቢሉኝ ራሷን ጠየቅኳት፣ የለም አለችኝ ይል ነበር።»

በማግስቱ ባሕሪያ ከአልጋዋ አልተነሳችም። ልጇ ብርዱ የእናቷን ጉልበት ያሳመመው መስሏት ለቤቱ የጋዝ ምድጃ እናስገባ አለች። ሻጩ በየዓይነቱ አሳያቸው፤ ግድግዳ የሚያህል፣ ወርቅማ፣ ጥቁር። ባሕሪያ ሁሉንም አልፋ ከጥግ ያለውን ጠቆመች።

«እማ፣ ይኼ እኮ ከሁሉም ትንሹ ነው። መደብማ አሁን ማንም አያሠራም።»

«ይኼን» አለች ባሕሪያ።

የሚተክለው ሰው በበረዶው መጣ፤ ቀይ ጢም ያለው፣ ዝምተኛ ነው። ቱቦውን በግድግዳው አሳለፈ፣ የድንጋዩን መደብ አስተካከለ፣ መስታወቱን ገጠመ። ባሕሪያ ወንበር ላይ ሆና ሥራውን ሁሉ ተከታተለችው። ቁልፉን ሲነካው እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ተነሳ፣ ከዚያም ቢጫ ሆነ።

ሰውየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ በቋንቋው ጠየቃት፤ ሌላ የጎደለ ነገር አለ?

«አለ» አለች ባሕሪያ በአማርኛ።

ሰውየው አመሰገነችኝ ብሎ ፈገግ አለና ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ባሕሪያ ከወንበሯ ተነሳች፤ መደቡ ጫፍ ላይ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትታ፣ ተቀመጠች።