አሳላፊው ይቅመስ

ፔርሙዙ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

«ሸማኔ፣ ዕቃው ይኸው» አለ አግደው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

መንበሩ አልተንቀሳቀሰም። የቆሙት በእስራኤል፣ በቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ከአንድ ላቦራቶሪ ጀርባ ነው። እዚያ መንበሩን የሚያውቁት በወለል ጠራጊነቱ ነው። በስውር ግን የደኅንነት ሰው ነው፤ የምስጢር ስሙ ሸማኔ። አግደው የእህቱ የየሺሀረግ ባል ነው። ባልና ሚስቱ እንደ ፈረንጆች በዘጠና አንዱ ዘመቻ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ከመጡ በኋላ፣ አምኖት ወደዚህ ሥራ ያስገባው ራሱ መንበሩ ነው።

ፔርሙዙ ውስጥ በበረዶ የተከበበ ብልቃጥ አለ። በብልቃጡ ውስጥ ቫይረስ። ሰውን አይነካም፤ የሚገድለው አንጀት ውስጥ የገባውን የተቅማጥ ባክቴሪያ ነው። ሆስፒታል የተኙ፣ ሌላ መድኃኒት እምቢ ያላቸው ሕፃናት ይጠብቁታል። የላቦራቶሪው ባለቤት ግን በድብቅ ለውጭ ሰዎች ሊሸጠው ተስማምቷል።

አግደው ሳይሸጥ ከላቦራቶሪው እንዲያወጣው ታዟል። የቫይረሱ ሌላ ብልቃጥ የለም።

«ያላ፣ ቶሎ ይበሉ ጋሼ! አውቶቡሱ ሊያመልጥዎት ነው።»

የአግደው ችኮላ መንበሩን አላማረውም። ሌላ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሰላም የሚለው ሰው ዛሬ ዓይኑን ይሸሻል።

«ቅመስ» አለው።

«ምኑን?»

«ጠላ የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ይቀምሳል። መርዝ እንደሌለበት እንዲታይ። ጠፋህ ወጉ?»

አግደው ሳቀ። «ጠላ ቤት መሰለዎት እንዴ?»

«ሰው አይነካም ያልከኝ አንተው ነህ።»

ሳቁ ቆመ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ነጭ መኪና ሞተሩን አስነሳ።

መንበሩ ብልቃጡን ከፈተ። «እንግዲያው እኔ ልቅመስ።» መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ የአግደውን ፊት እያየ፣ ወደ አፉ ወሰደ።

«ጋሼ፣ አይጠጡ!»

ውጦታል።

አግደው አመድ መሰለ። ከጃኬቱ ውስጥ ሁለተኛ ብልቃጥ አወጣ። «ይሄን ይጠጡ! እውነተኛው ይሄ ነው። ያኛው በሽታው ራሱ ነው፣ ባክቴሪያው! እርስዎ ይቀምሱታል ብዬ መች አሰብኩ…»

«ሕፃናቱስ?»

አግደው ዓይኑን ወደ ነጩ መኪና አሸሸ።

መንበሩ እውነተኛውን ብልቃጥ ቀማው። ወደ አፉ አላስጠጋውም። በረዶው ውስጥ ቀበረው።

ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ።

ለባልደረቦቹ «ያዙት» የሚል ምልክት ነው። በአቅራቢያው ካለ ጋራዥ የወጡ የደኅንነት ሰዎች አግደውንም፣ በነጩ መኪና እውነተኛውን ብልቃጥ የሚጠብቁትን ገዢዎችም ከበቡ። መንበሩ ወደ ኋላ ሳያይ አውቶቡስ ላይ ወጣ።

አለቃው ኤሬዝ በሆስፒታሉ በር ፔርሙዙን ተቀበለው። የሆነውን ሲሰማ ደነገጠ።

«አንተም ጠጣ እንጂ!»

«መጀመሪያ ልጆቹ።»

ሕፃናቱ ማገገም ሲጀምሩ መንበሩ በትኩሳት ይቃጠል ነበር። ማንነቱ እንዳይታወቅ የተኛው በሌላ ሰው ስም ነው። አንድ ቀን ከበሩ ውጭ የየሺሀረግን ድምፅ ሰማ።

«መንበሩ ነው ስሙ፣ ወንድሜ ነው! ባሌም የለ፣ ወንድሜም የለ፤ ማንን ልጠይቅ?»

«በዚህ ስም የተኛ ሰው የለም» አለቻት ነርሷ።

መንበሩ ድምፁ እንዳይወጣ አንሶላውን ነከሰ።

ኮቴዋ ራቀ።