ጥልፍና ጠለፋ

እፀገነት ገነነን የወደደችው በስፌቱ ነው ቢባል ውሸት ነው፤ ስፌቱማ የሚያስቅ ነበር። አራዳ ወዳለው የአባቷ የአቶ ዓምደሚካኤል ልብስ ስፌት ቤት የመጣው የተቀደደ ኮቱን ይዞ ነው። ቀዳዳውን ራሱ ሰፍቶት ጨርቁ ተጨማዶ ቀርቷል።

«ከጨርቁ ጋር ተጣልተህ ነበር?» አለችው፣ የምትጠልፈውን ካባ ከጭኗ ሳታወርድ።

ገነነ አልሳቀም። ሐኪም ቤት ቀዶ ጥገና የሚማር ልጅ ነበር። የሚያስተምረው ፈረንጅ ሐኪም የበግ ቆዳ ስፋ እያለ ይፈትነዋል፤ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ከፋሲካ በፊት ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀ ተሰናብቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ሲነግራት ዓይኗን ማየት አቅቶት እጇን ያይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ልቧ ድንግጥ ያለው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሐኪም ቤት መልስ ስፌት ሊለማመድ ብቅ ይል ጀመር። ጾም ስለነበር ክርስቲያን ሥጋ ሻጮች ቢላቸውን ሰቅለዋል፤ የመለማመጃ ቆዳ የሚሰጠው ሙስሊሙ ሥጋ ሻጭ ሙሄ ነው። እፀገነት የሰፋውን ሁሉ ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፤ እሷ ባደገችበት ቤት ጥልፍ የሚመዘነው በጀርባው ነው። አንድ ቀን ተናዶ መርፌውን ሊወረውር ሲል እጁን ያዘችው።

«አትጎትተው። የክሩ ሥራ ማቀራረብ ነው፤ ማነቅ አይደለም።»

እጁን መልቀቅ ነበረባት። አልለቀቀችውም። አቶ ዓምደሚካኤል የገቡት በዚህ መሃል ነው።

«ልጄን ልትጠልፍብኝ ነው?»

«ጥልፍ እያስተማርኩት ነው፣ አባባ» አለች፤ ፊቷ ግን ቲማቲም መስሏል።

አባቷ ነገር አላበዙም። ፈተናውን ካለፈ እንዲመጣ፣ ከወደቀ ግን ደጃቸውን እንዳይረግጥ ነግረው ሸኙት።

የፈተናው ቀን እፀገነት ደጅ ደጁን ስታይ ዋለች። ወደ ማምሻው ገነነ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። የሰፋውን ቆዳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል፤ ለእሷ ሳይሆን ለአባቷ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ሐኪሙ ከተፈታኞቹ ሁሉ አንደኛ አድርጎታል። ማን አስተማረህ ቢለው፣ አንዲት የካባ ጠላፊ ብሎ መልሷል።

አቶ ዓምደሚካኤል መነጽራቸውን አድርገው ስፌቱን አዩ። ከዚያ ገለበጡትና ጀርባውን አዩ።

«ጎሽ» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ እጅ ይዘህ ጠለፋ ምን ያደርግልሃል? ሽማግሌ ላክ።»

እፀገነት ደስታዋን የምትደብቅበት ቢጠፋት አቀርቅራ መርፌዋን ሳበች። አጥብቃው ኖሮ የወርቁ ክር ብጥስ አለ።

«አትጎትቺው» አላት ገነነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን እያየ።