ያልታጠፉት ወረቀቶች

«አይተሻል አይደል? አየሁ በያ፣ በናትሽ!»

ሚኒስትሩ ይህን ሲላት ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እሷም ረስታዋለች። ቅጽል ስሙን ያተረፈው በልጅነቱ ከረባት አስሮ ትምህርት ቤት ይመጣ ስለነበር ነው። ለተማሪዎች ተወካይነት ተወዳድሮ በጥቂት ድምፅ ከተሸነፈ ወዲህ ግን ከረባቱ ቀርቶ ፀጉሩንም አላበጠረም።

«ያየሁትማ የስፖርት ቲቸር የድምፅ መስጫ ሳጥኑን ይዘው ቢሯቸው ሲገቡ፣ በሩም ሲዘጋ ነው» አለች።

«በር ዘግተው ታዲያ ምን ሊሠሩ ነው? ጸሎት ሊያደርሱ?»

ሳቀች፤ ሳቁም አደከማት። ሁለቱ ብቻ ናቸው ክፍሉ ውስጥ የቀሩት። አሁን አቤቱታውን ይዘው ዳይሬክተሯ ዘንድ ሊገቡ ነው፤ ሚኒስትሩም ከእሷ ሌላ ምስክር የለውም። ሰረቁ ካለች መምህሩ ከሥራቸው ሊባረሩ ይችላሉ። አላየሁም ካለች ደግሞ ጓደኛዋን ልታጣ ነው። አባቷ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ደብተሩን ይዞ በየቀኑ ቤቷ የመጣው እሱ ነበር።

«ደግሞ ያልታጠፉት ወረቀቶችስ? ሲቆጠር አይተናል እኮ! ሳይታጠፍ በዚያች ቀዳዳ እንዴት ይገባል? ክዳኑን ከፍተው ካልጨመሩት!»

ይሄኛው እሷንም ሲከነክናት ሰንብቷል። ሳጥኑ፣ ያው የጫማ ካርቶን፣ አሁንም ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። አወረደችው። ከደብተሯ ምርጫው በተካሄደበት ወረቀት ልክ ቀደደችና ሳታጥፍ ቀዳዳው ላይ ገፋ አደረገችው። ሹልክ ብሎ ገባ።

ሚኒስትሩ ካርቶኑን አየው። «እና አልሰረቁም ነው የምትዪው?»

«አላልኩም። ወረቀቱ ምንም አያሳይም ነው ያልኩት። በሩ ለምን እንደተዘጋ እኔም አላውቅም።»

«አቦ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

«ጠርጥራ፣ ማን ከለከለህ? ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ የሚባልም አለ።»

«ቆይ፣ አንቺ ከማን ጋር ነሽ?»

ሳምንቱን ሙሉ ክፍሉ በሙሉ የጠየቃት ይህንኑ ነው፤ ታከታት። ከአንተ ጋር ልትለው ፈለገች፤ እውነቷንም ነበር። የመረጠችው እሱን ነው። እንዲያሸንፍ የፈለገችውን ያህል ለራሷ እንኳን ፈልጋ አታውቅም። ያስፈራትም ይኸው ነው። አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ያ የተዘጋ በር ትዝ ይላት ነበር? በጭራሽ!

ቢሮ ሲገቡ ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «መምህሩ ወረቀት ሲቀይሩ አይተሻል?»

ሚኒስትሩ ዓይኑን ተከለባት።

«ሳጥኑን ይዘው ሲገቡና በሩ ሲዘጋ አይቻለሁ። ውስጥ የሆነውን ግን አላየሁም። በሩን ለምን እንደዘጉ እሳቸው ይጠየቁልን።»

«ነገ እናንተው ባላችሁበት እጠይቃቸዋለሁ» አሉ ዳይሬክተሯ።

ሚኒስትሩ ሳይጠብቃት ወጣ። ወደ ቤት ሁልጊዜ አብረው ነበር የሚሄዱት፤ ዛሬ መንገዱን ተሻግሮ በወዲያኛው ጠርዝ ብቻውን ይራመዳል። ቦርሳዋ ከበዳት፤ እንቅልፏም መጥቷል። ዝም ብላ ቤቷ ብትገባ ደስ ባላት።

ተሻገረች። ጎኑ ሆና ትንሽ እንደሄዱ፣ ሳያያት «ሰርቀዋል» አለ።

«እንጃ» አለችው። እርምጃዋን ከእርምጃው ጋር አስተካከለች።