ከበሩ በስተግራ

«ኧረ ኑ እዩ! ጣቷ መስመር ሲያወጣ እዩልኝ!»

የጮኸችው ሬቤካ ናት። አባንግ ዘወር አላለችም። መዳፏን ጭቃው ውስጥ ነክራ፣ ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ግድግዳ እንዳልሰማች ሰው መለሰኗን ቀጠለች። ሰምታለች። ጆሮዋ ጤነኛ ነው።

እንዲያ የምትደነቀው ኛጋች ነበረች። ከበሩ በስተግራ ቆማ፣ ረጅም ክንዷ እስከ ክርኑ ጭቃ ለብሶ፣ እርጥቡ ልስን ላይ በሦስት ጣቷ የወንዝ ሞገድ የመሰለ መስመር ታወጣለች። እየሳለች ትዘፍናለች። እየዘፈነች ትስቃለች። ሰው እንዴት ሦስቱንም ባንዴ ያደርጋል? አባንግ ስትሠራ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም።

ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። ከተማው ውስጥ አዲስ ያልሆነ ነገር አልነበረም፤ አዲስ ቢሮ፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ሹም። ቤተ ክርስቲያኑም አዲስ ሊሆን ነው። እስከዚያ ድረስ አኙዋዎቹ ምእመናን ጠዋት ማንጎው ዛፍ ሥር፣ ኑዌሮቹ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ነበር የሚያመልኩት። አንድ ጌታ እያመለኩ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አፈሩና፣ «አንድ ቤት እንሥራ፤ በገዛ እጃችን» ተባባሉ። ወንዶቹ እንጨቱን አቆሙ፣ ሳሩን ከደኑ። ግድግዳው የሴቶቹ ነው። እሁድ ከሩቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ ቤቱ በጸሎት ይከፈታል።

የፊት ግድግዳ እንደ ሌላው ግድግዳ አይደለም። በአኙዋ ሠፈር የሴት እጅ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ልስኑ እንደ ሕፃን ገላ ሲለሰልስ፣ ሥዕሉ በጣት ሲወጣ፣ ያኔ «ይቺ ቤት ባለቤት አላት» ይባላል። አባንግ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም ጎጆ ያሠራ ሁሉ «አባንግን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። የቤተ ክርስቲያኑ የፊት ግድግዳ የእሷ መሆኑን ማንም ሳይነግራት ታውቀው ነበር። ግን የሴቶቹን ሥራ የምትመራው አሮጊቷ እማማ ዶርቃ ጣቷን ቀሰረችና፣ «ቀኙን አባንግ፣ ግራውን ኛጋች» አለች። እንደ ዘበት።

«እሷ ግድግዳ ትችላለች እንዴ?» አለች አባንግ።

«ካልቻለች ትማራለች። አንቺስ ከእናትሽ ሆድ ጭቃ ይዘሽ ነው የወጣሽው?»

ሴቶቹ ሳቁ። አባንግ አልሳቀችም።

ኛጋች ደግሞ ቻለችው! ያናደዳትም ይሄ ነው። ባትችል ኖሮ አባንግ ታዝንላት፣ ታስተምራት ነበር፤ ደግ ትባልበትም ነበር። ኑዌሯ ልጅ ከኢታንግ በኩል መጥታ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት አጎቷ ጋሽ ሙዎች ቤት ከገባች አንድ ክረምት ቢሆናት ነው። መጥታ አርፋ አልተቀመጠችም። መዘምራን ውስጥ ገባች፣ ከበሮውን ያዘች፣ በተሰባበረ አማርኛዋ ሰውን ሁሉ ታስቃለች። ሬቤካም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአባንግ ጋር ባሮ ወርዳ ውሃ የምትቀዳው ሬቤካ፣ አሁን ጀሪካኗን ከኛጋች ጀሪካን አጠገብ ነው የምታስቀምጠው።

«አባንግ፣ ነይ እዪ እንጂ!» አለች እንደገና።

«እጄ ጭቃ ነው።»

«ዓይንሽም ጭቃ ነው?»

ኛጋች ከወዲያ ሆና ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ አባንግ ግን እንደ ክፉ ሳቅ ነው የሰማችው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሥዕሉ አለቀ። ሴቶቹ እጃቸውን ታጥበው ለምሳ ወደየቤታቸው ተበተኑ። ልስን ግን በጋምቤላ ፀሐይ ብቻውን አይተውም። ካልጠበቁት ውጩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ እርጥብ ጆንያ ይንጠለጠልበታል፤ ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ ይረጭበታል፤ ግድግዳው ጥላ ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ። ለዚህም ሁለቱ ልጆች ቀሩ።

ኛጋች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ አባንግ መጣች።

«አባንግ፣ አክስቴ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ምግብ ላድርስላት። ጆንያዬን ውሃ አጠጪልኝ፣ እሺ? እንደ አንቺ የሚያውቅ የለም።»

«እሺ» አለች አባንግ፣ ፊቷን ሳታይ።

«እህቴ!» አለችና ኛጋች እየሮጠች ሄደች።

እህቴ! ማን እህት አደረገሽ? አለች አባንግ በሆዷ። ሁሉንም እህቴ ትላለች። ቃሉ ለእሷ ምንም አይደለም።

የራሷን ጆንያ አጠጣች። ጀሪካኑ ውስጥ ገና ግማሽ ውሃ አለ። ውሃ አለቀ እንዳይባል አላለቀም። ረሳች እንዳይባል አልረሳችም፤ ቆማ አይታዋለች። የግራው ጆንያ ከዳር ጀምሮ ጥቁረቱን እየለቀቀ፣ እየነጣ መጣ። ነፋስ ሲነካው እንደ ደረቅ ቅጠል መንኮሻኮሽ ጀመረ። አባንግ ትንሽ ቆየችና ጀሪካኑን አነሳች። አነሳችና፣ ገና እርጥብ የነበረውን የራሷን ጆንያ ደግማ አጠጣች። ከዚያ ማንጎው ሥር ሄዳ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች።

ሴቶቹ ተመልሰው የግራውን ጆንያ ገለጡት። ሞገዱ የለም። ልስኑ ውሃ እንደ ሸሸው የኩሬ ወለል ተሰነጣጥቆ፣ ቦታ ቦታ ላይ ተገሽልጦ ወድቋል። ቀኙ ግን ያብረቀርቃል።

«እበት አብዝታበት ነው» አለች አንዷ አኙዋ ሴት።

«ጭቃው ከአንድ ጉድጓድ ነው የወጣው!» አለች አንዷ ኑዌር። «የእናንተ ለምን አልተሰነጠቀም?»

«እኛ እጅ አለን። እናንተ ከከብት ሌላ ምን ታውቃላችሁ?»

ከዚህ በኋላ አማርኛው ቀረ። ሁሉም በየቋንቋው መጮህ ጀመረ፤ በዚህም በዚያም የሚባለው ባይሰማም የሚባለው ምን እንደሆነ ሁሉም አውቆታል። ኛጋች ባዶውን ሳህን እንደያዘች ደረሰች። ግድግዳውን አየች። ከዚያ አባንግን አየች።

«ጆንያውን ማን ነበር የሚያጠጣው?» አለች እማማ ዶርቃ።

አባንግ ቀደመች። «እኔ የተሰጠኝ ቀኙ ነው። ቀኙን ጠብቄያለሁ።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ሲገጣጠም ግን ውሸት ነው፤ አፏም ያውቀዋል።

ኛጋች አፏን ከፈተች። አባንግ ጠበቀች። «እኔ ነኝ» አለች ኛጋች በመጨረሻ። «ጥዬ ሄድኩ።»

ሽማግሌ ሙዎች ከኋላ ቆመው ሁሉን ሰምተዋል። ሰውየው ስለ ስንጥቁ ግድ አልነበራቸውም፤ ስለ ከብቱ የተባለው ነው የቆጠቆጣቸው። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፣ ሁሉንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ በሌላ ቀን ልጃገረዶቹ አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

«ኛጋች፣ እጅህን ታጠብ» አሉ። «እንሄዳለን። ትምህርት ቤቱ አለ። እዚያ እንጸልያለን። ነገ መጥተን አካፋችንን እንወስዳለን።»

ማንም አልሳቀም።

እማማ ዶርቃ የሄዱትን በዓይኗ ከሸኘች በኋላ ወደ አባንግ ዞረች። «ግራውንም ነገ አንቺ ትለስኚዋለሽ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሙገሳ አልነበረም።

የፈለገችው ይኸው መጣ። ሙሉው ፊት የእሷ ነው።

ማታ ላይ እንደ ድሮው ከሬቤካ ጋር ባሮ ወረዱ። ጀሪካኖቻቸው ጎን ለጎን ነበሩ። ሬቤካ ግን ውሃው እስኪሞላ አንድም ቃል አልተናገረችም።

«ምነው ዘጋሽኝ?» አለች አባንግ።

«ጆንያዎቹን ሳወርድ፣ የአንቺው ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። የእሷ ደርቆ ቀርቷል። ፀሐይዋ አንድ ናት፣ አባንግ።»

አባንግ የጀሪካኗን ክዳን አጠበቀች።

«ለማንም አልናገርም» አለች ሬቤካ። «አንቺም እንዳትናገሪ። ብትናገሪ የሚሰደቡት እናቶቻችን ናቸው። እነሱ እንደሆነ ሄደዋል።»

እነሱ። ጠዋት ከነሱ ጋር ስትስቅ ያረፈደችው ሬቤካ ናት ይህን የምትለው። አባንግ ጓደኛዋ ተመልሳላታለች፤ ግን ሬቤካ ዳገቱን ስትወጣ ከፊት ከፊት ሄደች እንጂ አልጠበቀቻትም።

በማግሥቱ ሥራው ሲጀመር እንደ ሁልጊዜው ተጸለየ። ሌላ ጊዜ «አባታችን ሆይ» ሲባል በአኙዋኛና በኑዌርኛ ባንዴ ነበር፤ አንዱ ቀድሞ ሲጨርስ ሌላው እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። ያን ቀን ግን የሚጠበቅ ሰው አልነበረም። ጸሎቱ ቶሎ አለቀ። «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ አባንግ አፏን ብቻ አንቀሳቀሰች።

ጭቃውን የሚረግጠው እግር አንሷል። ጉድጓዱ ውስጥ የገቡት ሴቶች ሳይቦካ ደከሙ፤ አንዷ ወገቧን ይዛ ወጣች፣ ሌላዋ ውሃ አበዛች። ከኋላ ገና ያልተነካ አንድ ሙሉ ግድግዳ ቆሟል። «በዚህ አያያዛችን እንግዶቹን ባልተለሰነ እንጨት መሀል ነው የምናስቀምጣቸው» አለች እማማ ዶርቃ። የሚያዘፍንም የለም። አባንግ የተሰነጠቀውን ልስን በመጥረቢያ ጀርባ እየፋቀች አወረደችው። እንዴት ቀላል ነበር! ሲወርድ ልፋት የለውም።

እማማ ዶርቃ አጠገቧ መጥታ ቆመች። «ምን ሆነሽ ነው? ደስ ይበልሽ እንጂ። ፈልገሽው አልነበር?»

አባንግ መጥረቢያውን አስቀመጠች። ዙሪያዋን አየችና በአኙዋኛ፣ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻት፤ የኛጋችን አደራ፣ ግማሹን ውሃ፣ የራሷን ጆንያ ደግማ ማጠጣቷን። ስትጨርስ ዕንባዋ መጣ። «ይቅር በይኝ፣ እማማ» አለች።

አሮጊቷ አልደነገጠችም። አላቀፈቻትምም።

«እኔን ምን በደልሽኝ?» አለች። «የእኔ ስም ግድግዳ ላይ አልተሰነጠቀም። አንገቴን ደፍቼ የሄድኩት እኔ አይደለሁም። ለእኔ በጆሮዬ ነገርሽኝና ቀለለሽ፤ ኛጋችስ ጆሮ የላትም?»

«አሁን ብናገር ሁሉም ይሰማል። እናቴም አለች።»

«ስድቡን ሁሉም ነው የሰማው» አለችና እማማ ዶርቃ ወደ ጭቃው ጉድጓድ ተመለሰች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ ገብታ መርገጥ ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ሙዎች ጥቂት ሰዎች አስከትለው መጡ። ጠብ አልፈለጉም። አንገታቸውን ነቅንቀው ሰላምታ ሰጡና አካፋቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ኛጋች ከአጥሩ ውጭ ቀረች። ሬቤካ ራሷን ወደ መሬት ደፋች። አባንግ ሬቤካ ምን እያሰበች እንደሆነ ታውቃለች፤ ትንሽ ዝም ከተባለ፣ ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ነገሩ ያልቃል።

አባንግ ከግድግዳው ተነጥላ ወደ ግቢው መሀል ሄደች።

«ጠብቁኝ» አለች። በአኙዋኛ ነበር የወጣት። ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ዞሩ። እናቷም ዞረች። ሽማግሌ ሙዎች ግን አኙዋኛ ስለማይሰሙ ለእሳቸው የተባለ አልመሰላቸውምና አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አኖሩ። እዚያው ላይ ልታቆም ትችል ነበር። በአኙዋኛ ብትጨርሰው እንኳ ተናግሬያለሁ ማለት ትችል ነበር፤ ለራሷ ሰዎች፣ ሊቆጧትና ሊምሯት ለሚችሉት።

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሽ ሙዎች፣ አንዴ ይስሙኝ» አለች በአማርኛ። «ኛጋች ጆንያውን አደራ ሰጥታኝ ነበር። ውሃ ነበረኝ። እያየሁ ነው የተውኩት። ግድግዳዋ ከእኔ እንዳይበልጥ ብዬ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!» አለች ከኋላዋ አንዷ፣ በአኙዋኛ።

አጥሩ ጋ ኛጋች ወደ አጠገቧ ሴት ጆሮዋን አዘንብላ፣ ምን ተባለ እያለች ነበር። ከርቀቱ የተነሣ አልሰማችም።

አባንግ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች፤ ድምፅዋንም ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው።