አምስት ክራንቻ ያለው ጅብ

ሟቹ የተገኘው በማድረቂያው ክፍል ወለል ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነው። የፍየል፣ የበሬና የጅብ ራስ ቅሎች ከየመደርደሪያው ቁልቁል አፍጥጠውበታል። አናቱን የሰነጠቀው የበርሜል ማማሰያ ብረት እዚያው አጠገቡ ወድቋል። ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ የሞቱ እንስሳትን አጥንት እያጸዳ፣ ለእያንዳንዱ ፈቃድ እያወጣ፣ ለትምህርት ቤትና ለሙዚየም ሲሸጥ የኖረ ነው። ያለ ፈቃድ አንዲት የፍየል መንጋጋ እንኳ ከግቢው ወጥታ አታውቅም።

መርማሪዋ ስትደርስ ቤተሰቡ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ሆና አይደለም፤ ኧረ ከየት መጥቶ! የያዘችውን ነገር ሳትበሳ ስለማትለቅ ነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰላምታ እንኳ ነፈጋት።

«ገዳይዋ ያቻትና» አለ፣ ግቢው ጥግ የተቀመጠችውን ወጣት በጣቱ እያሳየ። «ካቴና ይዘው ከመጡ ያጥልቁላትና ይሂዱ።»

«ካቴናውስ አለኝ» አለች መርፌ። «ግን የማን እጅ ልክ እንደሆነ ሳላውቅ አላወጣውም።»

ፊቱን አጠቆረና መንገድ ለቀቀላት።

ወጣቷ የሟች የእንጀራ ልጅ ናት። እናቷ እሱን ስታገባ ይዛት መጣች፤ ሥራውን ከእሱ ተማረች፣ አሁን አጥንት የምታጸዳው እሷ ናት። ወንድምየው ደግሞ ከተማ ውስጥ የመሸጫውን ሱቅ ይዟል። እናትየዋ የቤቱን ጉዳይ ትይዛለች እንጂ የአጥንቱን ክፍል ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ሽታው ያጥወለውላታል። ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ሌላ የግቢው ቁልፍ ያለው የለም። ጣቢያ ያለው አለቃ በበኩሉ «እናቷ ከመሰከረችባት ምን ቀረ? ሳይመሽ አምጧት» ብሎ በልጅቷ ላይ ኮንስታብል አቁሟል።

መርፌ ቀድማ ወደ እናትየዋ ሄደች።

«ትናንት ከሰዓት ጮኸባት፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች እናትየዋ። «የጥንዚዛውን ሣጥን ክዳን ከፍታ ትታ ነበር። እሷም አፍ ለአፍ መለሰችለት። አመሻሽ ላይ ደግሞ ከማድረቂያው ስትወጣ ታይታለች።»

«ማን አያት?»

«እሱ ነዋ፣ የባሌ ወንድም።»

«እርስዎስ?»

«እሱ ካየ እኔ አየሁ ማለት ነው።»

«የወለዷት ልጅ እኮ ናት፣ እመቤት።»

«የእኔ ልጅ አይደለችም!» ሆን ብላ እስከ ግቢው ጥግ እንዲሰማ ነው የጮኸችው። «ከዛሬ ጀምሮ አላውቃትም!»

ልጅቷ ሰማች። አንገቷን ደፋች እንጂ አላለቀሰችም። መርፌ ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር ብዙ ክፉ ቃል ሰምታለች፤ ይህኛው ግን ደሟን አፈላው።

ልጅቷን ይዛ ወደ ማድረቂያው ገባች። ሬሳው ተነሥቷል። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ገና ያልደረቁ ራስ ቅሎች ከነመንጋጋቸው ተሰድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ጋር አንዳንድ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ታስሯል።

«ሥጋውን ጥንዚዛ ይበላዋል» አለች ልጅቷ። «ከዚያ ስቡ እስኪለቅ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ በርሜል ውስጥ ይነከራል፣ ይነጣል፣ እዚህ ይደርቃል።»

መርፌ በክርኗ የፍየል መንጋጋ ነካ አደረገችና ጣለች። አፉ ከላላው ከረጢት አንድ ጥርስ ተፈናጥሮ ተንከባለለ። ልጅቷ አነሣችው፣ እፍ አለችውና ከመንጋጋው ጋር በታሰረው ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

«ይቅርታ፣ እጄ ነው። ለምን ቦታው አትመልሺውም?»

«እርጥብ ጥርስ ተሰክቶ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ድሮ ወዲያው ነበር የሚሰካው አሉ። ዘንድሮ ጋሼ ከለከለ፤ አጥንቱ እስኪደርቅ ድረስ ጥርሱ ሁሉ ከረጢት ይገባል።»

«ገድለሽዋል?»

«አልገደልኩትም» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ። «ጮኸብኝ፣ መለስኩለት፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ሲመሽ ግን እዚህ አልነበርኩም። ማን ያምነኛል? እናቴ እንኳ አላመነችኝም።»

ብቻዋን ስትቀር መርፌ በጠረጴዛው ዳር ዳር ቀስ እያለች ሄደች። የጥርሶቹ ጉድጓዶች ሁሉ ባዶ ናቸው፤ ከአንድ ጅብ በቀር። ይሄ ጅብ በላይኛው መንጋጋው አንድ ክራንቻ ተሰክቶለታል። ከረጢቱን ፈታችና መዳፏ ላይ ገለበጠችው። አራት ክራንቻ ወደቀ። የጅብ ክራንቻ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች ነው፤ በቃ። «ወይ ጉድ!» አለች ለራሷ። የተሰካውን ነቅላ ከአራቱ ጎን አስቀመጠችው። የእሱ ጎን ቁመቱን ተከትሎ በቀጭን መስመር ተቦርብሯል፤ አራቱ ግን ልሙጥ ናቸው። ወደ ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደውላ መልኩን ነገረቻቸው፤ ከወዲያ በኩል ያለው ባለሙያ ጊዜ አልፈጀበትም። ጥርሱን ኪሷ ከተተችና ወንድምየውን አስጠራች።

«አሁንም አልጨረሱም?» አለ ሲገባ። «የወንድሜ ሬሳ ሳይቀዘቅዝ እዚህ አጥንት እየቆጠሩ ነው!»

«እርስዎም አጥንት ያጸዳሉ?»

«ከነካሁ ዘመን አልፎኛል። እኔ የምሸጥ ሰው ነኝ። ለዚህ ክፍል እንግዳ ነኝ ቢባል ይቀላል።»

መርፌ ያንኑ የፍየል መንጋጋ እንደገና ጣለች። «ይህ እጄ ዛሬ ምን ነካው!»

ከከረጢቱ ጥርስ ተንከባሎ ጫማው ሥር ደረሰ። ወንድምየው ስድቡን ሳያቋርጥ ጎንበስ አለ፤ በአንድ እጁ መንጋጋውን፣ በሌላው ጥርሱን አንሥቶ፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳይነቅል ጥርሱን በገዛ ጉድጓዱ ሰካው። ያደረገውን እንኳ ልብ አላለም።

«አመሰግናለሁ» አለች መርፌ። ወጣ ብላ የፍርድ ቤት ማዘዣ አስወጣችና ኮንስታብሉን ወደ ሱቁ ላከችው።

ተመልሶ ሲመጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሦስቱን ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው። ክራንቻውን መሀል ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ ጥርስ ትናንት አመሻሽ ላይ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር» አለች። «ሰው ከገደለ በኋላ መሬት ላይ ጥርስ የሚያይ ሰው ምን ያደርጋል? ሥራውን የማያውቅ በእግሩ ገፋ ያደርገዋል። ስለዚህ ገዳይዋ እርስዎ አይደሉም፣ እመቤት። የአጥንት ሰው ግን ጥርስ ወድቆ ማየት አይችልም፤ ባዶ ጉድጓድ ፈልጎ ይሰካዋል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው።»

«እንግዲያው እሷ ናታ!» አለች እናትየዋ።

«እሷ የጅቡን አራቱንም ክራንቻ በእጇ ከረጢት ከታለች። አምስተኛ ስታገኝ የጅቡ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። ደግሞም እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ ጥርስ አትሰካም። የሰካው የድሮውን አሠራር የሚያውቅ፣ የዘንድሮውን ግን ያልሰማ ሰው ነው። ዛሬ በፊቴ እንዲሁ ያደረገ፣ ‹ለክፍሉ እንግዳ ነኝ› ያለኝ ሰው።»

«ይሄ ምኑ ማስረጃ ነው?» ወንድምየው ሳቀ። «የጅብ ጥርስ ጅብ ላይ ተገኘ ብለሽ ሰው ልታስሪ?» «እርስዎ» ማለቱን እንኳ ረስቶታል።

«የጅብ አይደለም። የነብር ነው። መሸጡ ክልክል ነው።»

ኮንስታብሉ ካርቶን ከፈተ። ከገለባው ውስጥ የወጣው ራስ ቅል ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ጅብ» ይላል፤ ፈቃዱም የጅብ ነው። በላይኛው መንጋጋ በግራ በኩል አንድ ክራንቻ ጎድሏል። መርፌ ጥርሱን አስገባችው፤ ልክክ አለ።

«ወንድምህ ይህን ከበርሜሉ ሥር ደብቀኸው አገኘብህ» አለች፣ እሷም አንተታውን መልሳለት። «ሊያሳውቅ ተነሣ። ከኋላው መታኸው፤ ራስ ቅሉ ከእጁ ሲወድቅ ጥርሱ ተፈናጠረ። አንተ ጥርስ መጉደሉን ሳታይ ቅሉን በጆንያ ጠቀለልክ። ዞር ስትል መሬት ላይ ክራንቻ፣ ከበላዩ ደግሞ ክራንቻ የሌለው ጅብ አየህ። እጅህ ከጭንቅላትህ ቀደመ። ከዚያ ‹አየኋት› ብለህ በሰው ልጅ ላይ መሰከርክ።»

«በአንድ ነብር ምክንያት!» ብሎ ጮኸ ወንድምየው። «የገዛ ወንድሙን ለመንግሥት ሊያስረክብ! ወንድም ነው ይሄ?»

ካቴናው ልኩን አገኘ። ኮንስታብሉ እየገፋ አወጣው፤ እርግማኑ እስከ ውጭው በር ድረስ ተሰማ።

እናትየዋ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለች። «ልጄ» አለች፣ እጇን ዘርግታ። «አሳስቶኝ እኮ ነው… ነይ፣ ወደ ቤት እንግባ።»

ልጅቷ የእናቷን እጅ አየችው። አልያዘችውም። ዞር አለችና መርፌን ጠየቀቻት።

«የጋሼን አስከሬን የሚረከበው ማን ነው?»

«የቅርብ ቤተሰብ ነው» አለች መርፌ። «ሚስት፣ ወይም ልጅ።»

«እንግዲያው እኔ እረከበዋለሁ» አለች። «ልጁ ነኝ።»